በአባቴ መቃብር ላይ የተቀየረችው ፊደል

ይህ የሆነው አምና፣ የአባቴ ሙት ዓመት በታሰበበት ዕለት ነው። ብዙ ነገር ይረሳኛል። ያን ቀን አጎቴ ምግቡን እያላመጠ የመለሰልኝ መልስ ግን እስከነቃሉ ትዝ ይለኛል።

አባቴ ዲማ አካባቢ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበር። ስሙ ሠረቀ ነው። ስሙን መጀመሪያ የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ "ምን ሰረቀ?" ይላል። አባቴ አይቆጣም ነበር። ጎንበስ ብሎ በጣቱ መሬት ላይ ይጽፍለታል።

"የእኔ በንጉሡ ሠ ነው። በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው። ፀሐይ የምትወጣበትን ምሥራቅ የምንለው ከዚሁ ነው። ሌባው የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው።"

እኔንም ገና ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። በአማርኛ የሁለቱ ድምፅ አንድ ስለሆነ ዛሬ ሰው እንዳሻው ይጽፋቸዋል። አባቴ ግን ስሙ በሌላው ሰ ተጽፎ አይቶ ሳያሳርም አልፎ አያውቅም።

ምክንያት ነበረው። ወጣት ሳለ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አንድ የብራና መጽሐፍ ጠፋ። "የወሰደው ወንድሜ ነው" ብሎ ያስወራው የገዛ ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ይሁኔ ነው። ያኔ በእናታቸው መሬት ተጣልተው ነበር። በኋላ መጽሐፉን ሊጠግኑት የወሰዱት ቄስ ሲመልሱት ነገሩ ተጣራ። ወሬው ግን አልተመለሰም። "ሰረቀ እኮ ሰረቀ" የሚል ቀልድ ሆኖ ስንት ዘመን ከረመ። ሁለቱን ሽማግሌ አስታረቃቸው። እኛም የታረቁ መስሎን ኖርን።

አባቴ ሲሞት ለቀብሩ ደርሻለሁ። ለአርባው ግን መንገድ ተዘግቶ ከምሠራበት ከባሕር ዳር መምጣት አልቻልኩም። እናቴ በስልክ እያለቀሰች ነገረችኝ።

"ይሁኔ ከማርቆስ ከተማ የድንጋይ ሐውልት አሠርቶ አመጣልን። ወንድም ማለት እንዲህ ነው ልጄ። እግሩን አጥቤ ነው የሸኘሁት።"

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቤተ ክርስቲያን በሄደች ቁጥር ግን ወደ መቃብሩ ጎራ ትላለች። ስሙ የተቀረጸበትን በጣቷ ትዳብስና ትስመዋለች።

ለሙት ዓመቱ መንገድ ተከፍቶ መጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ እናቴ እጄን ይዛ ወደ መቃብሩ ወሰደችኝ። "እስኪ እዪው፣ እንዴት እንዳማረ" አለችና ዝቅ ብላ ሳመችው።

እውነትም ያማረ ድንጋይ ነው። ላዩ ላይ መስቀል አለ። ከመስቀሉ ሥር "መሪጌታ ሰረቀ" ይላል። በእሳቱ ሰ።

መጀመሪያ የሠሪው ስሕተት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቀረብ ብዬ ስዳብሰው ግን ፊደሏ ያለችበት ቦታ ብቻ ጎድጎድ ብሏል። ተፍቆ እንደገና የተጻፈ ነው። እናቴ እንግዶች ልትቀበል ስትሄድ የአባቴ ባልንጀራ የኔታ ጥበቡ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"አየሽው?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አየሁት የኔታ። ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ ስም አልጠራም። ካህናቱ ግን ሁላችንም አይተነዋል። ተማሪዎቹማ ይሳሳቁበታል። ለእናትሽ የምንነግርበት አፍ አጥተን ነው ዝም ያልነው።"

የሐውልት ሠሪው ስልክ ከድንጋዩ ጀርባ ተጽፎ ነበር። እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። አልደበቀኝም። "እኔ በንጉሡ ነበር የጻፍኩት። ያሠሩት ሰውዬ ሊወስዱ መጥተው ሲያዩት አስፋቁኝ። ወንድሙ ነኝ፣ ስሙ እንዲህ ነው አሉኝ" አለኝ።

አጎቴ ድንኳን ውስጥ ከእንግዶቹ መሀል ተቀምጦ ይበላ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሰው ይወደዋል። ቅኔ ቤት ገብቶ ስለነበር ቃል አገላብጦ መወርወር ይችልበታል። ጆሮው ሥር ጎንበስ አልኩ።

"ጋሼ፣ የአባቴን ስም ለምን አስቀየሩት?"

እያላመጠ ቀና ብሎ አየኝ። አልደነገጠም።

"ልጄ፣ ድምፁ አንድ አይደል እንዴ? በዚህ ዘመን ማን ይለየዋል?"

"እርስዎ ይለዩታል።"

ፈገግ አለ። "እንግዲያው አስፍቂዋ፤ ማን ከለከለሽ? ግን መዶሻ ሲጮህ ሰው ይሰበሰባል። ምን ሆኖ ነው ይላል። ያኔ ያላወቀውም ያውቃል። ወይ ዝም ትያለሽ፣ ወይ ላገር ትነግሪያለሽ። ምረጪ።"

ይህን ብሎኝ እናቴ የቀዳችለትን ጠላ አነሣ። "ነፍስ ይማር!" አለ ጮክ ብሎ። ድንኳኑ ሙሉ "ነፍስ ይማር" ብሎ ተቀበለው። እናቴ እጅ ነሣችው።

ዝም ብዬ ወደ ሥራዬ ልመለስ አስቤ ነበር። አልሆነልኝም። ማርቆስ ሄጄ ሐውልት ሠሪውን ይዤው መጣሁ።

ሁሉም ነገር አጎቴ እንዳለው ሆነ። መዶሻው ሲጮህ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ከመንገዱ እየታጠፈ መጣ። "ምን ተሳስቶ ነው?" ይላል አንዱ። "ሌባ የሚል ነበር አሉ" ይላል ሌላው። "እውነት ሰርቆ ነበር እንዴ?" የሚልም አልጠፋ። የብራናውን ነገር የረሱ ሰዎች አስታወሱት። ጭራሽ ሰምተው የማያውቁ ወጣቶች ያን ቀን ሰሙት።

ወሬው ቤት ድረስ ደርሶ እናቴ እየሮጠች መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት።

"ምን አደረጋችሁ ብሎ ነው የምትፈልጡት?" አለችኝ።

ምን ብዬ እንደምዋሻት ሳስብ ከኋላዬ የቆመች ሴት ቀደመችኝ። "ሌባ ብለው ጽፈውበት ኖሯል እኮ እትዬ" አለቻት።

እናቴ ድንጋዩን ትክ ብላ አየችው።

"ታዲያ ዓመት ሙሉ ስስመው የከረምኩት ይኸን ነው?"

ሐውልት ሠሪው መዶሻውን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ።

አጎቴን ሽማግሌዎች ጠርተው ጠይቀውት ነበር። "ያው የፊደል ስሕተት ነው፤ ካጠፋሁ ይቅርታ" አላቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ። በአንዲት ፊደል ሰው አይከሰስም ብለው አሰናበቱት። ዛሬም ሠርግ ቤት ጨዋታ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ድንጋዩ ተስተካክሏል። ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ እናቴን ወደ መቃብሩ ልወስዳት እጇን ያዝኳት።

"ነይ እማዬ፣ አሁን እኮ የአባባ ስም ነው ያለበት።"

ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀች።

"ያን ጊዜም ስሙ ነው ብለውኝ ነበር። እኔ ፊደል አላውቅ፤ ዛሬስ ምን እንደሚል በምን አውቃለሁ?"

"እኔ አንብቤልሻለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ ልጄ" አለችኝ። ግን አልመጣችም። ደጀ ሰላሙን ተሳልማ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰው "አጎትሽ ነው፣ ይቅር በይው" ይለኛል። በአባቴ ስም የቀለደውን ምናልባት እተውለት ይሆናል፤ አባቴ ሞቷል፣ አይሰማውም። እናቴን ግን ከባሏ መቃብር ነጥሏታል። ይህን ልተውለት ብዬ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። የምችልም አይመስለኝም።