ሰማንያ አምስት ኳስና የእኔ መቁጠሪያ

የሚካኤል ዕለት ከሰዓት፣ ሰፈራችን ማራኪ ካለው ሜዳ ዳር ተቀምጬ መቁጠሪያዬን ይዤ እቆጥር ነበር። ጸሎት አይደለም... ኳስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ትርንጎ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቤዝቦል ትጫወታለች። አንዷ ኳስ ትወረውራለች፣ ሌላዋ በዱላ መትታ ትሮጣለች፤ የገና ጨዋታችን የሩቅ ዘመድ በሉት። የኔዋ ወርዋሪ ናት። ባለፈው ክረምት ያለልክ ወርውራ ክርኗ አብጦ እርሳስ መያዝ አቅቷት ነበር። ሳምንት ሙሉ በእጄ ነው ያጎረስኳት።

ከዚያ በኋላ አሰልጣኟ ለየወላጁ አንዳንድ ወረቀት አደለን። ሌላው ምን እንዳደረገው እንጃ፤ እኔ ግን ፊደል የለየሁት ከስኳር መጠቅለያ ላይ ስለሆነ ወረቀት አልንቅም። በሷ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከሰማንያ አምስት ኳስ በላይ አይወረውርም፣ ያን ያህል ከወረወረ ደግሞ አራት ቀን ያርፋል ይላል። ወደድኩት። ለበሬ እንኳ በዓል እናከብርለት የለ? በኔ ስሌት፣ ሚካኤልን ከወረወረች እስከ ኪዳነ ምሕረት ኳስ የለም ማለት ነው።

መቁጠሪያዬ አርባ አንድ ፍሬ ነው። ሁለት ዙርና ሦስት ፍሬ... ሰማንያ አምስት። ከዚህ የተመቸ ምን አለ?

የዕለቱ ተጋጣሚዎች ከእንፍራንዝ የመጡ ልጆች ነበሩ። አጠገቤ የአንዷ አያት ተቀምጠዋል፤ አያ ሞላ ይባላሉ። አንዴ ሜዳውን ያያሉ፣ አንዴ ጣቶቼን።

«ምነው እህቴ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለቀቅ ብታደርጊያቸው? የኛ ልጆች እኮ መምታት አቃታቸው።»

«አያ፣ እየጸለይኩ አይደለም። እየቆጠርኩ ነው።»

«እሱን ለልጅ ንገሪ! ይልቅ ለኛም ጣል ጣል አድርጊልን። ሚካኤል የማራኪ ብቻ ነው እንዴ?»

ሳቅ አልኩና ቆጠራዬን ቀጠልኩ።

መሀል ላይ የእንፍራንዟ ልጅ የመታቻት ኳስ ተመልሳ የትርንጎን ጉልበት አገኘቻት። ልጄ ሜዳው ላይ ዝርግት... እኔ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» እያልኩ ሳለሁ ተነስታ አቧራዋን አራገፈች። እያነከሰች ወረወረች። ተመስገን አልኩ። የኔ ስጋት ክንዷ ነው እንጂ ጉልበትስ ይድናል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር። አንዲት መቺ ብቻ ብናስወጣ አሸነፍን ማለት ነው። የወላጅ ጩኸት ሌላ ነው። ትርንጎ ወረወረች... የሦስተኛው ዙር ሦስተኛ ፍሬ በጣቴ አለፈ።

እኔ ለቅሶ ቤት እንኳ ድምፄ የማይሰማ ሴት ነኝ። ብድግ ብዬ «በቃት!» ስል ራሴም ደነገጥኩ።

«እማ! አንድ ብቻ ቀረኝ! አንድ!»

«ሰማንያ አምስት ሞልቷል። ውጪ።»

«እማ፣ ሙች!»

«ሙችም ብትዪ ውጪ። አንቺን ማን ሊያጎርስ ነው?»

አሰልጣኙ እኔንም እሷንም አየ። የራሱ መዝገብ ከሜዳው ማዶ ረዳቱ ዘንድ ነው። «ወላጅ ቆጥራ በቃ ካለች በቃ» አለና ሌላ ልጅ አስገባ። አንዴ የወጣች ወርዋሪ ደግሞ በዚያ ጨዋታ ተመልሳ አትወረውርም፤ ደንብ ነው።

የገባችው ልጅ ሁለተኛ ኳሷን ስትወረውር የእንፍራንዟ መትታ ከሜዳው ማዶ ያሉት ባሕር ዛፎች ውስጥ ጨመረቻት። እሷም፣ ቀድማ መትታ መሀል መንገድ ላይ የነበረች ጓደኛዋም ሮጠው ገቡ፤ ሁለት ነጥብ። ተሸነፍን።

አሰልጣኙ የረዳቱን ደብተር ይዞ መጣ፤ ራሱን ያካል። «እትዬ... እዚህ የተጻፈው ሰባ ዘጠኝ ነው።»

«ሰማንያ አምስት ነው። ፍሬ አይዋሽም።»

ትርንጎ መቁጠሪያዬን ትክ ብላ አየችው። «እማ... ስወድቅ እግዚኦ ብለሻል?»

«ልጄ ወድቃ ዝም ልበል?»

«ስንት ጊዜ?»

ጣቴ እግዚኦ ባልኩ ቁጥር ፍሬ ማሳለፍ የለመደው ገና ከሷ ዕድሜ ጀምሮ ነው። ዛሬ ኳስ ነው የምንቆጥረው ብለው መች ይሰማል?

አያ ሞላ ነጠላቸውን አደግድገው መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። እኔ ጣል ጣል ነው ያልኩ፤ አንቺ ስድስት!»

እስከ ቤት ድረስ ትርንጎ አሥር እርምጃ ቀድማኝ ሄደች። በር ላይ ስንደርስ ፈራ ተባ እያልኩ «ክንድሽስ?» አልኳት።

«ደህና ነው። ስድስት ኳስ ይቀረዋል።»

አራቱን ቀን ግን አረፈች፤ ሰባ ዘጠኝም ቢሆን እረፍቱ ያው ነው አለ አሰልጣኙ። በአምስተኛው ቀን ለልምምድ ስንወጣ መቁጠሪያዬን ከእጄ ወሰደችና የተቆላ ሽምብራ በከረጢት ሰጠችኝ። ራሷ ነው የቆጠረችው፣ ሰማንያ አምስት ፍሬ። በየውርወራው አንዷን ወደ ኪስ መጨመር ነው።

«ሽምብራ አይጸለይበትም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ገና አርባ ሳትወረውር ከረጢቱ ባዶ ሆነ... ኪሴን ብዳብስ ሃያ እንኳ የለም። ለካ ሲጨንቀኝ እቆረጥማለሁ።