ወደ ፐርዝ ያልደረሰው ሰልፍ

ሂልተን ያፍታን የማውቀው ትከሻውን በመለካት ነው። በስቴንበርግ ሰፈር የገና ሙዚቃ ባንዳችንን ኮት ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፋሁት እኔ ዶሪን ነኝ። የማን ሆድ እንደገፋ፣ የማን ጀርባ እንደጎበጠ ከሚስቶቻቸው ቀድሜ አውቃለሁ። የሂልተን ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ አርባ ዓመት ትልቁን ጥሩምባ ተሸክሞበታል። በሥራው የባቡር ፍሬን ጠጋኝ ነበር፤ በባንዱ ደግሞ ጸሐፊያችን ነው። ደንባችንን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያውቀዋል። ግትር ነው፤ አንዴ እውነት ነው ካለ በበሬ ስበህ አታወጣውም። ግን ውሸት አያውቅም፤ ሰውም ይዋሸኛል ብሎ አያስብም። የጎዳውም ይኸው ነው።

ጡረታ ሲወጣ ባንዱ የቀረጻቸውን አሮጌ ካሴቶች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠ። በየገናው ከመንገድ መንገድ እየተጫወትን የምንዞርበት ሰልፍ ሁሉ፣ የውሻው ጩኸትና የልጆቹ ጫጫታ ሳይቀር እዚያ ውስጥ አለ። ይህን የሰማ ኔቪል አዶኒስ ከፐርዝ ደወለለት። ኔቪል የቀድሞ መሪያችን ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ከልጁ ጋር ወደ አውስትራሊያ ሄዷል። ኩላሊቱ መሥራት እያቆመ ነበር።

«የሰባ ስምንቱን ዓመት ሰልፍ ላክልኝ» አለው። «የሟቹ ወንድሜ የክሊፎርድ ሳክስፎን ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። እሱ ዘንድ ከመሄዴ በፊት በመንገዳችን ሲያልፍ አንዴ ልስማው።»

ሂልተን ቃል ገባ። በፖስታ ሁለት ጊዜ ዲስክ ልኮ ሁለቱም የውሃ ሽታ ሆኑ። በኢንተርኔት እንዳይልክ ፋይሉ ግዙፍ ነው።

«የክሊፎርድን አንድ መዝሙር ብቻ ቆርጠህ አትልክለትም?» አልኩት።

«አንቺ ኮት ስትታዘዢ እጅጌውን ብቻ ትሰጫለሽ?» አለኝ። 

ያን ጊዜ የእህቱ ልጅ ሎረንዞ መጣ። ትራምፔት ያስተማረው ሂልተን ራሱ ነው። ልጁ በኢንተርኔት ኩባንያ ስልክ መላሽ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። የዓለም ዋንጫው ወደ አገራችን የመጣበት ዓመት ነው፤ ኩባንያዎቹ ሁሉ «ገደብ የለሽ» የሚል ማስታወቂያ በየአጥሩ ይለጥፉ ነበር። «አጎቴ፣ ገደብ የለሽ ማለት ገደብ የለሽ ነው። ቀን ከሌት ብትልክ ማንም አይነካህም» ብሎ አስፈረመው።

ሂልተን ግዙፉ ፋይል ተቆራርሶ የሚላክበት ፋይል መጋራት ምን እንደሆነ ለባንዱ ለማስረዳት አልተቸገረም። «የገና ማዕድ በሉት» አለን። እኛ ዘንድ ባንዱ ደጅህ ቆሞ መዝሙር ከተጫወተ በኋላ ገብቶ ከማዕድህ ይበላል። በሰው ማዕድ የበላም በተራው የራሱን ይዘረጋል። በልቶ በሩን የዘጋ አባል ስሙ ይሰረዛል፤ ደንብ ነው። «እዚህም አንዱ የያዘውን ቁራጭ ለሌላው ይሰጣል፤ የወሰደ ማሽኑን ከፍቶ ይቆያል» አለ። ኔቪልም ወደ ፐርዝ ይዟቸው የሄደውን ካሴቶች በዚሁ መንገድ ሊሰጠን ተስማማ። ቁርጥራጮቹ ተዘበራርቀው ስለሚደርሱ ታዲያ የመጨረሻዋ ካልገባች ሰልፉ አይሰማም።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ከመቶ ስልሳው ገባ። ከዚያ ተያዘ። ስክሪኑ ላይ ፐርዝ ትገናኛለች፣ ወዲያው ትቆረጣለች፤ ትገናኛለች፣ ትቆረጣለች። ከኔቪል በኩልም የሚመጣ ነገር የለም። ሂልተን የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ወደ ኩባንያው ሲደውል እኔ አዲስ የኮት ቁልፍ ላሳየው እቤቱ ነበርኩ።

«የደንበኞች አገልግሎት፣ ሎረንዞ ነኝ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ምን ልርዳዎት ትለኛለህ! ንፍጥህን ስጠርግልህ ያደግህ!»

«ኧረ አጎቴ፣ ስልኩ ይቀዳል!»

«ይቀዳ! ሌላው ሁሉ ይሮጣል፤ የራግቢውን ጨዋታ እንኳ ሳይቆራረጥ አየሁ። ሰልፉን በላክሁ ጊዜ ብቻ ነው የሚያነክሰው።»

ከሎረንዞ በኩል ወረቀት ሲገለጥ ተሰማን። «ሽቦው ይሆናል አጎቴ። ዛፍ አይነካውም?»

ሂልተን ሽቦውን ቀየረ። ሞደሙን ቀየረ። በመጨረሻ የሚስቱን የሙሪየልን የበለስ ዛፍ ቆረጠው። ሙሪየል ከዚያ ዛፍ ጥሬ በለስ ለቅማ በስኳር የምትቀቅለው ጣፋጭ ከሌለ እኔ ገና መጣ አልልም። ሦስት ቀን አላናገረችውም፤ ደግ አደረገች።

ፐርዝ ግን ያው መቆራረጧን ቀጠለች። ሂልተን እንደገና ደወለ። እንደገና ወረቀት ተገለጠ።

«እንግዲህ ችግሩ ከእኛ አይደለም አጎቴ። ከተቀባዩ ወገን ነው። ማሽኑን እያጠፋው ይሆናል።»

ይህቺ ቃል ሂልተን ላይ እንደ ድንጋይ ወደቀች። ስንት ዓመት አብሮት የበላ ሰው የሚላክለትን ይወስድና የራሱን ላለመስጠት በሩን ይዘጋል? ጉዳዩን ለስብሰባ አቀረበው። አንድ ሰው «ታማሚ ነው፣ ደውለን እንጠይቀው» ሲል ሂልተን «ደንብ ለታማሚም ለጤነኛም አንድ ነው» አለ። ስሙ ይሰረዝ ተብሎ እጅ ሲወጣ እኔም አወጣሁ፤ አልዋሽም። በማግስቱ ሂልተን ለኔቪል በኢሜይል ጻፈለት፦ በልተህ ማዕድህን ስላልዘረጋህ ስምህ ከመዝገብ ተሰርዟል። ደብዳቤ ትንሽ ነገር ናት፤ ማንም አላዘገያትም፣ በደቂቃ ደረሰች። መልስ አልመጣም። «አፈረ» አልን።

ኅዳር ላይ ሎረንዞ ለገና ኮቱ ሊለካ መጣ። ሜትሩን ደረቱ ላይ እንደጠመጠምኩ የኔቪልን ነገር አነሳሁ። «ይኼ ስስታም! የወንድሙን ሳክስፎን እየተቀበለ የራሱን ካሴት ቆጥቦ ምን ሊያደርገው ነው?» አልኩ።

ሜትሩን ከደረቱ ላይ ፈታው።

«አክስት ዶሪን፣ ስስታም አይደለም» አለ። «የምንቆርጠው እኛ ነን።»

«እናንተ እነማን?»

«ኩባንያው። ፋይል የሚጋራውን ሁሉ መስመሩን ያጠቡበታል፣ ሲብስም ይቆርጡታል። ብዙ ይበላል ብለው ነው። ደንበኛ ሲደውል የምናነበው ወረቀት አለ። መጀመሪያ ሽቦው ነው በሉ ይላል። ከዚያ ዛፍ ነው። ከዚያ የተቀባዩ ጥፋት ነው።»

«ለአጎትህም ያንን አነበብክለት?»

«ስልኩ ይቀዳላ! ለእንጀራዬ ብዬ ነው።»

«ሥራ ላይ ይቀዳል። እሁድ እሁድ ልምምድ ስትመጣስ ማን ይቀዳሃል?»

 ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ይህ ግን በሁለት ቤት በልቶ የጮኸው ለአንዱ ነው።  ሜትሩን ከእጄ ሳላስቀምጥ፣ እሱን በሸሚዙ እጅጌ እየጎተትኩ ወደ ሂልተን ወሰድኩት።

ሂልተን ተቀምጦ ሰማው። 

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለው።

«ከመጀመሪያው አጎቴ።»

«ዛፉን ስቆርጥ መሰላሉን የያዝክልኝ አንተ ነህ።»

ሎረንዞ አለቀሰ። ሙሪየል ከማድ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ተመልሳ ገባች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው ለዚህ ነው። ኩባንያውንማ ምን ልበለው፤ ፊት የለውም፣ ሄደህ አትተፋበትም። ሂልተን የሰረዘውን ስም ዛሬውኑ እመልሳለሁ ብሎ ተነሣና ወደ ፐርዝ ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ያነሣችው የኔቪል ልጅ ሻርሜን ነበረች።

«ሻርሜን፣ እኔ ሂልተን ነኝ። አባትሽን አቅርቢልኝ፤ ይቅርታ ልለምነው ነው።»

«አጎቴ ሂልተን... አባባን ማክሰኞ ቀበርነው።»

ሂልተን ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። «ሰልፉ...» አለ።

«ከመቶ ዘጠና አንድ ላይ ነው። ማሽኑ አልጋው አጠገብ ነበር። አንሶላ ስቀይር እንኳ እንዳላጠፋው ይቆጣኝ ነበር። አሁንም አላጠፋሁትም።»

«ደብዳቤዬ ደርሶት ነበር?»

 «ሁለቴ አስነበበኝ» አለች። «ከዚያ፣ ሂልተን የማያውቀውን አይጽፍም፤ እኛ ያጠፋነው ነገር ይኖራል፣ እስቲ ማሽኑን ደግመሽ እይው አለኝ። እስኪሞት ድረስ ጥፋታችን ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ነበር። አጎቴ፣ ምን ነበር ያጠፋነው?»

ሂልተን ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሎረንዞ ዘረጋው።

«እንካ፣ አንተ ንገራት» አለው።