የጁማ ልብ ለሽምግልና ቀረበ

የሐይቁ አሳ አጥማጅ ጁማ በሕይወቱ ሁለት ነገር ብቻ ይፈራል፤ የሚስቱን የዘይቱናን ዝምታና ከታንኳው መለየትን። አምባሰልን እያንጎራጎረ ሲቀዝፍ አሳው ሁሉ ይሸሻል እያሉ ያሙታል፤ እሱ ግን ግድ የለውም። ስድሳ ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ታዲያ ሁለቱም ፍርሃቶቹ ባንድ ቀን መጡበት።

ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት ደረቱን ጨምድዶ ቢይዘው ደሴ ክሊኒክ ሄዶ በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ታይቶ ነበር። የልብህ ደም ስር ጠቧል፣ ልብህ በአንድ ምት ከያዘው ደም ከመቶ አርባ አምስቱን ይገፋል ተባለ። መድኃኒት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ እንዲቀዝፍም ተፈቀደለት። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሄደ፤ ሲሄድ የክሊኒኩንም የኢኮ ማሽን ይዞት ሄደ። ስለዚህ ጁማ ለክትትል አዲስ አበባ ድረስ ወጥቶ ኤም አር አይ ተነሳ። ወረቀቱ ሠላሳ ስምንት ይላል።

ዘይቱና ሰባት መጉደሉን በጣቷ ቆጠረች። ትንፍሽ ሳትል መቅዘፊያውን ወስዳ ደበቀችው።

ጁማ ሊያብድ ደረሰ። ወሎዬ ነውና ሁለት ሰው ሲጣላ የሚደረገውን አደረገ፤ ሽማግሌ ጠራ። ሼህ ባድሩና ጋሽ እንየው ሾላው ስር ተሰየሙ። የኢኮው ወረቀት በቀኝ፣ የኤም አር አዩ በግራ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ተጭኖባቸው ቀረቡ።

«ኢኮ ልቡን ከየት ሆኖ አየው?» አሉ ሼህ ባድሩ።

«ከደረቴ ላይ፤ ቅባት ቀብተው፣ በጎድኔ መሀል።»

«አጮልቆ ነዋ!» አሉ ጋሽ እንየው። «ያኛውስ?»

«በማግኔት። ጉድጓድ መሳይ ውስጥ ከተውኝ፣ ልቤን እንደ ዳቦ ቆራርጦ አነሳው፤ ወላሂ!»

«እንግዲህ የቆራረጠው ይበልጥ ያውቃል» ብለው ሊፈርዱ ሲሉ፣ በዚያ የምታልፈው የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ለተብርሃን ሳቋን ለቀቀችው።

«አባቶቼ፣ አንዱም አልዋሸም። ኤም አር አይ ጥርት አድርጎ ያያል። ኢኮን ጎድንና ሳንባ ስለሚጋርዱት ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል። የአንዱን ቁጥር ከሌላው ቀንሶ ልቡ ደከመ ማለት ግን አይሆንም። ኢኮ ከኢኮ ጋር ነው የሚተያየው።»

ሼህ ባድሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛም ይህንኑ ልንል ነበር።»

ደሴ አዲስ ኢኮ ሲገባ ጁማ ተመልሶ ታየ። አርባ አራት! ሐኪሙ አሮጌውንና አዲሱን አስተያይቶ፣ «ያው ነው፤ ልብዎ አልደከመም» አለው። «ቀስ ብለው ይቅዘፉ፤ ካመመዎት ያቁሙ። ብቻዎን ግን እንዳይገቡ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ፈርታ ታንኳ ረግጣ የማታውቀው ዘይቱና ይህን ስትሰማ መቅዘፊያውን አውጥታ፣ መቀነቷን አጥብቃ ወደ ሐይቁ ቀደመችው። ታንኳው ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ባንድ እጇ ጠርዙን አነቀች፤ ሌላውን ደረቱ ላይ ለጠፈችው።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አላት።

«ሁሉም አይቶታል፤ እኔም ልየው። ቅዘፍ!»

ጁማ ቀዘፈ። ደስታው እንባ ሆኖ መጣበት፤ እንጉርጉሮውም ተበላሸበት። ከዳር ሃያ ክንድ ያህል እንደራቁ ዘይቱና ዓይኗን ጨፍና ጮኸች፦

«ያንተስ ደህና ይመታል፣ አልሐምዱሊላህ! የኔው ሊቆም ነውና መልሰኝ!»