ተራ የሌለው ዕጣ

ልጄ ከትምህርት ቤት ዳገቱን በእግሯ እየወጣች እንደምትመለስ ያወቅሁት ጫማዋን አይቼ ነው። ከምኒልክ አደባባይ አፍንጮ በር ድረስ የምትሳፈርበትን የታክሲ ብር በየጠዋቱ እሰጣታለሁ። የጫማዋ ተረከዝ ግን አልቆ አገኘሁት። "ብሩን ምን አደረግሽው?" ብዬ ጮህኩባት። አልዋሸችኝም፤ ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ።

ጨዋታ ነው። የሰፈራችን ቤቶች ሲፈርሱ ከነቤተሰቧ ወደ ከተማው ዳር የሄደች አንዲት አብሮ አደግ አለቻት። አሁን የሚገናኙት እዚያ ጨዋታ ውስጥ ነው፤ እያወሩ፣ እየተሳሳቁ፣ ጎን ለጎን ፈረስ ይጋልባሉ። ታዲያ ለጓደኛዋ ክንፍ ያለው ፈረስ ወጣላትና ጨዋታው ውስጥ ያለውን ወንዝ ተሻገረች። የኔዋ ወዲህ ማዶ ቀረች። ክንፍ ያለውን ፈረስ ለብቻው አይሸጡትም። የሚሸጡት ሳጥን ነው፤ ውስጡ ያለው የሚታወቀው ከተከፈለበት በኋላ ሲከፈት ነው። ልጄ በታክሲዋ ብር እየገዛች የከፈተቻቸው ሁሉ ኮርቻና ልጓም ሆነውባታል።

"ብተወው ይሻላል መሰለኝ፣ አባዬ" አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው የማፍረው። እኔ የእቁብ ዳኛ ነኝ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሪ በከንቱ ሰፈር እንሰበሰባለን፤ የአባላቱን ስም ጠቅልዬ ባርኔጣዬ ውስጥ እጨምርና አንዱ ይወጣል። ዕጣው የዘገየበት ሰው ሲያኮርፍ "ታገስ፣ ተራህ ይደርሳል" የምለው እኔ ነኝ። ይደርሳልም። ስለዚህ የልጄ ነገር የገባኝ መሰለኝ።

"ዕጣ አይደለም እንዴ? ጀምረሽ መተው ምን የሚሉት ነው? ተራሽ ይደርሳል" አልኳት። አልፌ ተርፌም ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ አዲስ ሶል አስደረግሁላት። በደንብ እንድትሄድበት!

አንድ ጠዋት ፒያሳ ባንኮኒ ተደግፌ ማኪያቶ ስጠጣ ሬዲዮኑ ስለዚሁ ጨዋታ ያወራል። ጨዋታው በሚሠራበት በውጭ አገር አንዳንድ ሕግ አውጪዎች ውስጡ የማይታወቅ ሳጥን ለልጆች እንዳይሸጥ፣ በገንዘብ ብቻ ጎበዙን ማሸነፍ እንዳይቻል የሚከለክል ረቂቅ ሕግ አቅርበዋል አለ። ደሜ ፈላ። "ነገ ደግሞ እቁብ ክልክል ነው ይሉናል!" ብዬ ቤቱን አሳቅሁት።

እሁድም የልጄን ፈረስ ነገር ጨምሬ ያንኑ ለእቁብተኛው ደገምኩለት። ሁሉም ሲስቅ አንዲት ጨርቅ ሻጭ አሮጊት ብቻ አልሳቁም።

"አንተዬ፣ ፈረሱ የወጣለት ሰው ስሙ ከባርኔጣው ይወጣል?" አሉኝ።

"እትዬ፣ በስልክ እኮ ነው። ባርኔጣ የለውም።"

"ባርኔጣውን ተወው። የደረሰው ሰው ይወጣል ወይ? ተራ ጠባቂው እያነሰ ይሄዳል ወይ?"

ያን ቀን ዕጣው ለማን እንደወጣ እንኳ ልብ አላልኩም። ቤት እንደገባሁ ልጄን ጠየቅኋት።

"ማንም አይወጣም፣ አባዬ። ሁሌም እንደ አዲስ ነው።"

"ታዲያ ያንቺ ተራ መቼ ነው?"

"ተራ የሚባል ነገር የለውም።"

"ይህን እያወቅሽ ለምን ቀጠልሽ?"

ግራ ተጋብታ አየችኝ። "ይደርሳል ያልከኝ አንተ ነህ። አንተ ዳኛ ነህ፤ እኔ የማላውቀው ነገር ታውቃለህ ብዬ ነው።"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሕጉ ይውጣ ልበል? ከወጣ ወንዙን የምትሻገርበት መንገድ ይዘጋባታል። አይውጣ ልበል? ያን ዳገት ስትወጣ ልትኖር ነው። ሕጉ ሻጩን ይከለክል ይሆናል፤ ልጁን "በርቺ" እያለ ሶል የሚያስመታ አባት የሚከለክል አንቀጽ ግን ያለው አይመስለኝም።

ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋችው። የሳምንቱ ሳጥን ተገዝቶ ገና አልተከፈተም።

"ልክፈተው፣ ልተወው?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነበር። እሷ ግን አላመነችኝም፤ አውራ ጣቷን ሳጥኑ ላይ እንዳደረገች ፊት ፊቴን ታያለች።