ደረቅ ወንዝ ውስጥ የተከልኩት ዳስ

ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከአሰብ ወደ በይሉል አቅጣጫ ስላክ፣ ከደጋ የመጣሁ፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ወጣት መምህር ነበርኩ። የተመደብኩት በአንዲት ትንሽ ወንዝ ግራና ቀኝ በሰፈሩ ሁለት የአፋር መንደሮች ነው። ወንዝ ይሏታል እንጂ ጠብታ ውሃ አላየሁባትም። አሸዋ ብቻ ናት።

ሁለቱም መንደሮች ትምህርቱ በእኛ ዳር ካልሆነ አንመጣም አሉ። ካልተስማሙ የትምህርት ጣቢያው ሊዘጋ ነው። እኔ ብልሃተኛው ታዲያ ዳሱን መሀል አሸዋው ላይ ተከልኩት! ከሁለቱም ወገን መጡልኝ፤ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ሰሌን አሰብ ወስደው ሲሸጡ አማርኛ የለመዱ አንዲት አሮጊት ተማሪዬ ብቻ፣ በዚህ ውሃ ያልፋል ብለው አስጠነቀቁኝ። ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁና ሳቅሁ።

ሦስት ወር ያህል እንዲህ ተማርን። አንድ ጠዋት ንባብ ላይ ሳለን ከተራራው በኩል አንድ ግመል ነጂ ብቅ አለ። ተማሪዎቼ በሙሉ ሊከቡት ተነሡ፤ አፋር መንገደኛ ሲያገኝ ዳጉ ሳይቀመጥ፣ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይለዋወጥ አያልፍም። ደሜ ፈላ። ወሬው ከትምህርት በኋላ ይደርሳል ብዬ መለስኳቸው። አሮጊቷ ግን ከቁብም አልቆጠሩኝ፣ ሄደው ከሰውየው ጋር ተቀመጡ። ሲመለሱ እየተጣደፉ ነበር።

«ተራራው ላይ ሲዘንብ አድሯል። ሰሌዳህን ይዘህ ውጣ፣ ልጄ።»

ልከራከር አፌን ስከፍት ከላይ በኩል የከባድ መኪና ዓይነት ድምፅ መጣ። ሮጥን! ሁሉም ወደየመንደሩ፣ እኔም ሰሌዳውን ታቅፌ ወደቀረበኝ ዳር። ዞር ስል አረፋ የደፈቀ ድፍርስ ውሃ ዳሴን ጠቅልሎ ሲወስደው አየሁ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ፈርቻለሁ፣ ግን ደግሞ እንደ ሕፃን እየዘለልኩ እጮሃለሁ፤ ወንዝ ናት ለካ! ሁለቱም ዳር እልልታ በእልልታ ሆነ፤ ለፍየሎቻቸው ሣር ሊበቅል ነው።

ትንሽ ቆይቶ ጭንቀቱ መጣብኝ። ተማሪዎቼ ለሁለት ተከፍለዋል፤ ከእንግዲህ በማን ዳር ላስተምር ነው? ይሄኔ አሮጊቷ ከማዶ፣ ወደ እኔ ባጋደለው እርጥብ አሸዋ ላይ በበትራቸው መጫር ጀመሩ። ከዚህ ሆኜ እንዳነበው ፊደሉን ከቁመታቸው አስበልጠው ጻፉት፦ ውሃ። ከዚያ እንዳርማቸው ቀና ብለው ጠበቁኝ።

«ትክክል ነው፣ እናቴ» ብዬ ጮህኩ።

በማግስቱ ውሃው ጎደለ። በእኔ በኩል ያሉት ተማሪዎች ጽሑፉን ካላየን ብለው እስከ ጉልበታቸው እየገቡ ተሻገሩ። አይተው ሲጨርሱ እዚያው ቁጭ ቁጭ አሉ። ዳሩ የማን ነው ያለ አንድም ሰው የለም። እኔም ሰሌዳዬን ተሸክሜ ተከተልኳቸው።