አንቀጽ ሦስትን የጻፍሁት እኔ ነኝ

አምና አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ምክትል ርዕሰ መምህራችን ጠርተው፣ «የሱስ መከላከያ ደንብ ያስፈልገናል፤ ብዕርሽ ጥሩ ነው፣ ጻፊልን» አሉኝ። እኚህ ሰው የዜግነት ትምህርትም ያስተምሩን ነበር። ደስታዬን አልደብቅም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስምንቱን አንቀጽ በአንድ ትንፋሽ ጨረስሁት።

አቋሜ ግልጽ ነበር፤ መከልከል! እቤት ዜና ሲታይ ከአባቴ ጋር የምጨቃጨቀው በዚሁ ነው። ሺሻ ቤት ይታሸጋል፣ ዕቃው ይሰባበራል፣ ሰንብቶ በጓሮ በር ይከፈታል። ጫት ደግሞ ከመራዊ እስከ ሰባታሚት በመስኖ ይለመልማል፣ ግብር ይከፈልበታል፣ ከዚያ «ወጣቱ ጠፋ» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። «አንዱን ምረጡ እንጂ!» ብዬ እጮሃለሁ። አባቴም «ፓርላማ ስትገቢ ትነግሪያቸዋለሽ፤ አሁን ድምፁን ጨምሪልኝ» ይላል።

ስለዚህ አንቀጽ ሦስትን እንዲህ አልሁት፦ «ጫት፣ ሲጋራ ወይም ሺሻ በግቢው ውስጥ ይዞ የተገኘ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር ይታገዳል።» አጭር፣ መፈናፈኛ የሌለው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አነበብሁት። እንዴት ያምራል!

በሁለተኛው ሳምንት ፍተሻ ተደረገ። መጀመሪያ የተያዘችው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ሆና አረፈችው።

እናቷ ሹም አቦ ሰፈር ጫት ይሸጣሉ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሁለት ጥቅል ሰጥተው፣ በመንገዷ ላለ የመሥሪያ ቤት ደንበኛ እንድታደርስ ላኳት። ሰውዬው ገና ሥራ አልገባም። እሷም እንዳይረፍድባት ጥቅሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መጣች። ቃሚው ይኼኔ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ማኅተም እየመታ ነው፤ ሴሚስተር የምታጣው ግን እሷ ናት!

«ደስ አለሽ፣ የተከበርሽ ሕግ አውጪ?» አለችኝ በረንዳው ላይ።

«አንቺን አስቤ አይደለም እኮ የጻፍሁት!»

«እሱማ። ብታስቢ ኖሮ የጫት ነጋዴ ልጅም እዚህ እንደምትማር ትዝ ይልሽ ነበር። እኔ ቀምሼው እንኳ አላውቅም።»

ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሄጄ አንቀጽ ሦስትን ለአራተኛ ጊዜ አነበብሁት። አሁን አላማረኝም!

እናቷ የንግድ ፈቃዳቸውን ይዘው፣ እኔንና ጓደኛዬን አስከትለው መጡና ምክትሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። «እኔ ስሸጠው ሕጋዊ ነኝ፤ ልጄ ስትሸከምልኝ ወንጀለኛ ትሆናለች?»

ምክትሉ በእስክሪብቶ ወደ እኔ ጠቆሙ። «ደንቡን የጻፈችው እሷ ናት።»

ኧረ በፈጣሪ! የፈረሙበትስ ማን ናቸው?

«እንግዲያው ላሻሽለው» አልሁ። እዚያው ቆሜ ጻፍሁ፦ በግቢው የተጠቀመ ወይም የሸጠ ይታገዳል፤ ይዞ ብቻ የተገኘ ግን ወላጅ ያመጣል።

ምክትሉ አነበቡት። «ጥሩ ነው። ግን ለወደፊቱ ነው፤ ሕግ ወደኋላ አይሠራም።»

«ቲቸር፣ ተከሳሹን የሚጠቅም ከሆነ ይሠራል እኮ!»

«ማን አለ?»

«ሕገ መንግሥቱ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን፤ ፈተና ላይም አውጥተውብናል!»

«ይኼ ትምህርት ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።»

«ስትቀጡን ፍርድ ቤት፣ ስንከራከር ትምህርት ቤት?»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥሁ። እናትየዋ ግን «እሰይ!» አሉ። ምክትሉ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ፣ ሲጠርጉ ቆዩና ኮሚቴውን ጠሩ። እኔና ጓደኛዬ ደጅ ቆመን ጠበቅን። ምሳ ሰዓት ላይ ውሳኔው መጣ፦ ወላጅ ስለቀረበ ወደ ክፍሏ ትግባ። ሁለቱ ጥቅሎች ግን የት እንደገቡ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፤ የጠየቀም የለም!

ክፍል ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። አመሰግናለሁ የለ፣ ምን የለ። የደንቡን ቅጂ ከደብተሬ ውስጥ መዝዛ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና አንቀጽ አምስት ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ጫት ከሚሸጡ ሰዎች ጋር የሚውል ተማሪ የምክር አገልግሎት እንዲያገኝ ይደረጋል» ይላል።

«እኔ የማድረውም ከጫት ሻጭ ጋር ነው» አለች። «በየቀኑ ልመከር ነው?»

«ወይኔ!» ብዬ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዬን መበርበር ጀመርሁ።

«ተዪው» አለችና የራሷን አወጣች። «ይኼን እኔ እጽፈዋለሁ።»