ሦስት ጊዜ የፈረሰው ቁም ሳጥን

አናጢውን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ውሃልክ» ይለዋል። የተንጋደደ ነገር አይቶ ሳያቃና አያልፍም፤ እንግዳ ሆኖ በሄደበት ቤት እንኳ መጀመሪያ የግድግዳውን ፎቶ አስተካክሎ ነው የሚቀመጠው። ሠላሳ አራት ዓመት እንጨት ሲልግ በትዕግሥቱ የተመሰገነ ሰው ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ባለ ሁለት መኝታ ቤት እስክትገጥመው ድረስ።

ቤቷስ ውብ ናት። ጣሪያዋ ከፍ ያለ፣ መስኮቷ ሰፊ፣ ወለሏ የድሮ ጣውላ። ችግሩ ባለቤቶቹ ናቸው፤ እሷ መድኃኒት ቤት፣ እሱ አውቶቡስ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ በቅርቡ የተጋቡ ወጣቶች። ያዘዙት አንድ የሳሎን ቁም ሳጥን ብቻ ነው። ሚስት እግሩ የተጠማዘዘ፣ አናቱ በአበባ ቅርጽ ያጌጠ የድሮ ዓይነት አለች። ሠራላት። በማግስቱ ባል ደውሎ፣ የተስማማነው እጀታ እንኳ የሌለው ልሙጥ ነጭ ነው አለ። አፈረሰና እንደገና ሠራ። ሚስት ስታየው የሆስፒታል ዕቃ መሰለኝ ብላ ፊቷን አዞረች። ደግሞ አፈረሰ። አበባው ተመለሰ። ቅዳሜ ባል መጣና አበባውን አየት አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ትንሽ ቢቀንሷት?» አለ።

ጋሽ ውሃልክ ደሙ ፈላ። ሦስተኛውንም ነቃቅሎ ጣለና ሁለቱን ጠርቶ በተደፉ የቀለም ባልዲዎች ላይ አስቀመጣቸው።

«ስሙኝ ልጆቼ፤ እኔ አናጢ ነኝ፣ ሽማግሌ አይደለሁም። እንጨት እንደ ባልና ሚስት አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ተበስቶ ይቅር አይልም። የልባችሁን ንገሩኝ፣ ወይ ልሂድ።»

መጀመሪያ ሚስት አቀርቅራ ተናገረች። የአባቷ ቤት ሲፈርስ ያተረፈችው አንድ ቅርጽ የወጣበት መዝጊያ ነው፤ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስቀምጣዋለች። ባል ተራ ሳንቃ ይመስለው ነበር። እሱም በተራው፣ ሰባት ልጆች ሆነው በአንድ ክፍል ማደጋቸውን፣ ግዙፍ ቁም ሳጥን ስለነበረ በጎን እየተሹለኮለኩ ያልፉ እንደነበር አወራ።

«ቤቴ ውስጥ ቀጥ ብዬ መራመድ ነው ያማረኝ» አለ።

«ታዲያ ይኼን ለመናገር የኔ ወገብ መቆረጥ ነበረበት?» አለ አናጢው።

ከዚያ በኋላ ሥራው አሥር ቀን አልፈጀም። ቁም ሳጥኑን ልሙጥ አድርጎ ግድግዳው ውስጥ ቀበረው፤ ለመሀለኛው በር የአባትየውን መዝጊያ ገጠመለት። አሮጌው እንጨት በነጩ መካከል ጉብ ሲል ቤቱ ግርማ አገኘ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች አድንቀው ሐሳቡ የማን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ባልና ሚስት እኩል «የኔ» አሉ። ጋሽ ውሃልክ እዚያው ማጠፊያ እያጠበቀ ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ ብሎኑን አንድ ዙር ጨመረለት።

ለመኝታ ቤቱም ቁም ሳጥን እንዲሠራ ሲጠሩት ግን፣ ሁለታችሁ የፈረማችሁበትን አንድ ሥዕል ካላመጣችሁ መጋዝ አላነሳም አላቸው። ይኸው ሁለት ወር፣ ሥዕሉ አልመጣም።